«ሀሌ አይታዋለች»

ጁባ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ትናንት እሑድ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት አካባቢ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ አንዲት ሴት ስለ ጉዴሌ ሰፈር ሱቆች ስትጠይቀኝ ከጥያቄዋ ሥር የእርስዎ ስም ብቅ አለ። «ዝጊው ልጄ» ይላል። አብሮኝ ስምንት መቶ የሚሆን ሰው አነበበው።

ዘጋሁት። እማዬ አንድ ነገር የሆነች መስሎኝ ነው የዘጋሁት። ደጋግሜ ብደውልልዎ ስልክዎ አይነሳም። እማዬ ጋ ደወልኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ደህና ናት። «ምነው ድምፅሽ እንዲህ ሆነ?» ብላ ጭራሽ እኔን ጠየቀችኝ። ያኔ ገባኝ። የታመመ ሰው የለም። እንዲዘጋ የተፈለገው የእኔ አፍ ነው።

ሰላምታዬን እስከዚህ ያዘገየሁት ስለናቅሁዎ አይደለም። ከላይ ብጽፈው ውሸት ይሆንብኛል ብዬ ነው። እንግዲህ እርስዎም እትዬ ሰናይትም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ስሜ ግን ታሟል። ፀሐይ ሳትጠልቅ «ዝጊው ልጄ» የሚለው ፎቶ ጁባ ባሉ ሐበሾች የቴሌግራም ቡድኖች ሁሉ ዞሮ አለቀ። «ከላይ ታዘዘች» ይላል አንዱ። «የቤተሰብ ሥራ ነው፤ እሷ ታስተምራለች፣ እነሱ ያከራያሉ» ይላል ሌላው። አንዱማ የእርስዎን ሁለት ቃል ቲሸርት ላይ አሳትሜ እሸጣለሁ እያለ ይቀልዳል።

እርስዎ ሥራዬን «የስልክ ጨዋታ» ይሉታል። ስለዚህ ምን እንደዘጉብኝ ልንገርዎ። ጁባ ስመጣ የሕግ ዲግሪ ነበረኝ እንጂ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረኝም። እዚህ ፍርድ ቤት የሚቆመው የአገሩ ጠበቃ ነው፤ በእኛ ቢሮ ያቺ ጠበቃ ኛማል ናት፣ አዲስ አበባ ጎፋ ያደገች፣ በአማርኛ ስትሳደብ እኔን የምታስንቅ። እኔ አማካሪዋ ነኝ። አትላባራ ያለው ቢሯችን ሦስት ወር ሙሉ ከዝንብ በቀር የገባበት የለም። እኛ ሐበሾች ደግሞ እዚህ አገር መሬት የራሳችን ማድረግ አንችልም። በተከራየነው ላይ እንገነባለን፤ ሆቴሉ ሲቆም ባለቤቱ እኔ ነኝ የሚል ሌላ ሰው ይመጣል። ይህን በአማርኛ የሚነግረን አልነበረም። ስልኬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ መናገር ጀመርኩ። መጀመሪያ ከተጻፉልኝ አንዱ «ጥርስሽ ያምራል፣ የኪራዩ ነገር ግን አልገባኝም» የሚል ነበር። ጥርሴን ገጥሜ ደግሜ አስረዳሁት። ዛሬ በራችንን የሚያንኳኳው ሁሉ «ስልክ ላይ አይቼሽ ነው» እያለ ነው የሚገባው። በየሳምንቱ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሚያከራያችሁ ሰው ባለቤት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

ትናንት የጠየቀችኝ ሴት ማናህሎሽ ትባላለች። ጉዴሌ ምግብ ቤት አላት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። የጻፈችው ይኸው፦ «ሀሌ፣ የከፈለን ሱቆች የተከራየነው አንቺ አይተሽዋል ተብለን ነው። አሁን አንዲት ሴትዮ ቦታው የኔ ነው ብላ መጥታለች። ምን ይሻለናል?»

ከፈለ የእርስዎ ልጅ፣ የእኔም ወንድም ነው። ግን ይህን ቦታ መርምሪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማን ነው «ሀሌ አይታዋለች» ያላቸው? እርስዎስ መልስ ከመስጠቴ በፊት ለምን ዝጊው አሉኝ?

ስልክዎ ስለማይነሳ ይህን አየር መንገድ በምትሠራው በሶሊ እጅ ልኬዋለሁ። በረራዋ ነገ ጠዋት ነው።

ሀሌሉያ


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሌሉያ፣

የአባቶችሽ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ አንደበት ይሰውርሽ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ አንቺን ለእኔ አደራ ብሎ ካረፈ ጀምሮ ስምሽን ሳልጠራ የጸለይኩበት ቀን የለም። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። እናትሽ ደህና ናት፤ የደም ብዛቷ አልፎ አልፎ ይነሳባታል፤ መድኃኒቷን ከፈለ በየወሩ ሳያጓድል ይልክላታል።

ወረቀትሽን ሶሊ አድርሳልኛለች። ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። አሁን ተሠርቷል፤ ሆኖም ከእንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ በስልክ አንነጋገር። ስልክ ላይ የተባለ ነገር አይሞትም። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ይቀደዳል።

«ዝጊው» ያልኩሽ ለራስሽ ብዬ ነው። በስምንት መቶ ሰው ፊት የወንድምሽ ስም ሲነሳ አይቼ ዝም ልልሽ ነበር? ገበና አደባባይ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ጓዳ አይገባም። አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ተማሪ የምቀጣው ቢሮዬ አስገብቼ ነው እንጂ በሰልፍ ላይ አልነበረም።

ከፈለም ተታሏል። የባለቦታው ወንድም ነኝ ያለውን አምኖ ተዋዋለ። በሰው አገር ያልተታለለ ማን አለ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ወንድምሽን ትረጂዋለሽ እንጂ አታጋልጪውም። የእሑዱን ቪዲዮ አጥፊው። ካጠፋሽው ሰዉ በሁለት ሳምንት ሌላ ወሬ ያገኛል።

እግዚአብሔር ልቡናሽን ያረጋጋልሽ።

አጎትሽ ዳምጠው


ጁባ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

ለጸሎትዎ አሜን። ወረቀትዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጥያቄ ጠይቄዎት ነበር፤ የመለሱት አንዱን ነው።

ቪዲዮውን አላጠፋሁም።

ጉዴሌ ሄጄ ነበር። ከዝናብ በኋላ ስለነበር የተሳፈርኩበት ቦዳ ሞተር ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ቀረ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ። የከፈለን ሱቆች ያውቋቸዋል፣ ፎቶ ልኮልዎታል። አምስት ናቸው፤ አምስቱም የሐበሻ። የማናህሎሽ ምግብ ቤት ጥጉ ላይ ነው። ስታየኝ ተነስታ ወንበር ጠረገችልኝ፣ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልሳመችኝም።

«መጣሽ? ዘግተሽው ነበር እኮ» አለችኝ።

«አሁን ከፍቼ መጣሁ» አልኳት።

ስልኳን አውጥታ ከፈለ በቴሌግራም ያሠራጨውን ማስታወቂያ አሳየችኝ። ጋሼ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። አምና በገና ምሳ ጋብዞኝ የሄድኩ ዕለት፣ ያቺን እትዬ ሰናይት የላከችልኝን ቢጫ ቀሚስ ለብሼ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሜ «ጥሩ ቦታ ነው» እላለሁ። እዚያ ላይ ያልቃል። ያን ቀን ግን እዚያ ላይ አላቆምኩም። «ጥሩ ቦታ ነው፤ ወረቀቱን ግን አሳየኝ» ነበር ያልኩት። ከፈለ ሳቀና «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! አንቺ ደሞ በበዓልም ጠበቃ ነሽ» አለኝ። ወረቀቱን አላሳየኝም። ቪዲዮውን ሲቆርጥ የጣለው ወረቀቱን የጠየቅሁበትን ነው።

«ይህን አይተሽ ነው የፈረምሽው?» አልኳት።

«ቪዲዮ ማንም ይሠራል። እኔ ያመንኩት ሌላ ነው።»

«ምን?»

«እሱን ተዪው» አለችና ድስቷን ልታማስል ዞረች።

አሁን ደግሞ ስለሴትዮዋ። ማማ አቾል ይሏታል። ጦርነቱ ሲመጣ ከልጆቿ ጋር ሸሽታ ማንጋቴን ተፈናቃዮች መሀል ዓመታት የኖረች ናት። ባሏ ሞቷል። እሷ በሌለችበት የባሏ ወንድም «ተስማምታለች» ብሎ ቦታዋን ለከፈለ አከራየው። እሷ ስለ ኪራዩ የሰማችው ሱቆቹ ከተሠሩ በኋላ ነው። ባለፈው ጥር ካርታዋን ይዛ መጥታ ከፈለ በር ላይ ቆማ «ዴ ቤት ታኢ» ስትል፣ ይህ ቤቴ ነው ስትል፣ ብዙ ሰው ሰምቷል። ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት፣ ከፈለ ሁለት ሱቅ ጨምሮ አከራየ። አንዱ የማናህሎሽ ነው። መጀመሪያ ተታሎ ይሆናል፤ እቀበላለሁ። በየካቲት ግን አልተታለለም።

ኛማል ለማማ አቾል ልትቆምላት ነው። እኔ የከፈለ ዘመድ ስለሆንኩ ፋይሉን አልነካም፤ ይህንም ራሴ ነግሬያታለሁ። ኛማል ስትስቅ ምን አለች መሰለዎት? «አቦ፣ እናንተ ሐበሾች ቦታ ስትከራዩ የምትጠይቁት ባለቤቱን ሳይሆን አጎቱን ነው። እኛም ስናከራይ እንደዛው። ለዚህ ነው የምንግባባው።»

ማማ አቾል «ተስማምታለች» ተባለላት። እኔ «አይታዋለች» ተባለልኝ። ሁለታችንንም የጠየቀን የለም።

የእማዬን መድኃኒት ከዚህ ወር ጀምሮ እኔ እልካለሁ። የመጀመሪያውን ሶሊ ይዛዋለች። ከፈለ እንዳይቸገር ይንገሩልኝ።

ያልተመለሰው ጥያቄዬ አሁንም ያው ነው። «አይታዋለች» ያላቸው ማነው?

ሀሌሉያ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀሌሉያ፣

ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ቁጣን ከልብሽ አርቆ ማስተዋልን ያልብስሽ። መልሴ የዘገየው በሕመም ነው፤ ጉልበቴ ክረምቱን አልወደደም። ሰኔ ሙሉ ከቤት አልወጣሁም።

ገጽሽ መዘጋቱን ሰማሁ። አዝኛለሁ። ግን አንዳንዴ ሰው አልዘጋ ያለውን እግዚአብሔር ራሱ ይዘጋዋል፤ ለበጎ ነው በዪው።

አሁን የምነግርሽን በጥሞና አንብቢ። እዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ተነጋግረናል። ከፈለ ለፍልሰታ አገር ቤት ይመጣል። አንቺም ነይ፤ ቲኬትሽን እኔ እችላለሁ። ፊት ለፊት ቁጭ ትሉና ጥፋተኛው ጥፋቱን ያምናል፣ ይቅር ትባባላላችሁ። ከዚያ በኋላ በአዲስ ገጽ አንዲት አጭር ነገር ትያለሽ፤ «ነገሩ አለመግባባት ነበር፤ በሽምግልና አልቋል» ብለሽ። ያቺ ባልንጀራሽም የሴትዮዋን ጉዳይ ለሌላ ጠበቃ ትስጠው። ጁባ ጠበቃ አልጠፋም። ከአንድ ቢሮ ወጥቶ ወንድምሽን የሚከስ ወረቀት ሲታይ ሰው ምን ይላል?

የእናትሽን መድኃኒት ነገር ሰምቼ ከፋኝ። በዚህ ቤት የተቆጠረ ነገር አልነበረም።

ማን ምን አለ እያሉ መመርመር ቤት ያፈርሳል። ሽማግሌ የሚጠይቀው ወደፊት እንዴት እንኑር ብሎ ነው።

አጎትሽ ዳምጠው


(በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

ሀሌዬ፣ በርበሬና ሽሮ በሶሊ ልኬልሻለሁ፤ በርበሬው ዘንድሮ ያቃጥላል፣ ቀስ ብለሽ። ጋሼሽ የጻፈውን አላነበብኩትም፤ ፊቱን ግን አንብቤዋለሁ። ጉልበቱ ምንም አልሆነም። እናትሽ ትስምሻለች። ሰናይት።


ጁባ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

ለእትዬ ሰናይት ስለ በርበሬው እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ለእርስዎም ጤና እመኛለሁ፤ ለጉልበትዎም።

ገጼን የዘጋው እግዚአብሔር አይደለም። ከፈለና ጓደኞቹ ናቸው። አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተሰብስበው፣ በየስልካቸው «ይህች ሴት አጭበርባሪ ናት» እያሉ ለገጹ ድርጅት ሲያመለክቱ፣ አስተናጋጇ ቢራ እያቀረበች ሰምታቸዋለች። ለእሷም «አንቺም ተጫኚው» ብለዋት ነበር። ሁለት ዓመት የሠራሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ቢሯችን ሲገቡ የነበሩት መንገድ ላይ ሲያዩኝ ስልክ የሚያወሩ ይመስላሉ። አንድ የሥራ ተቋራጭ ሰነዶቹን መልሶ ሲወስድ «ይቅርታ እህቴ፣ በቤተሰብ መሀል አልገባም» አለኝ። ኛማል ብቻ ናት ያልተነቃነቀችው። «ሂጂ የማልልሽ እኮ ለበርበሬው ብዬ ነው» ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ማናህሎሽ ራሷ ቢሮ መጣች። ቁጭ አላለችም። «ገጽሽን እንዳዘጉት ሰማሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት አስተማሪዬ ስለሆኑ ነው» አለችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከፍቼ እንድሰማ ነገረችኝ፤ ራሷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጋሼ፣ ድምፅዎን የት ቢሆን አውቀዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩበት ድምፅ ነው።

«ማናህሎሽ፣ መምህርሽ ዳምጠው ነኝ። ስለ ሱቁ ሰግተሻል አሉ። አትስጊ። ልጄ ሀሌ ጠበቃ ናት፣ የምታውቂያት ናት። አይታዋለች።»

ከኋላ ደግሞ እትዬ ሰናይት ትሰማለች። «አይታዋለች እንዴ?» ትላለች። እርስዎ «እሽ!» ብለው ያስቆሟታል። ከዚያ «በርቺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይከተልሽ» ብለው ይጨርሳሉ።

መልእክቱ የተላከው በየካቲት ነው። ማማ አቾል ከፈለ በር ላይ ቆማ ከተናገረች በኋላ።

«ስልክ ላይ የተባለ ነገር አይሞትም» ብለው የጻፉልኝ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። «ዝጊው» ያሉኝም ለምን እንደሆነ። በዚያ እሑድ የፈሩት የከፈለ ስም እንዳይጠራ አልነበረም። ማናህሎሽ ቀጥላ የምትጽፈውን ነው የፈሩት።

እትዬ ሰናይት ያን ቀን የጠየቀችዎት አንድ ጥያቄ ነበር። ያኔ እኔ ጋ አንድ ጊዜ ደውለው እሱኑ ቢጠይቁኝ ኖሮ «አላየሁትም ጋሼ» እልዎት ነበር። ማናህሎሽም ዛሬ ወጥ ቤቷ ይፈርስ ይሆን እያለች አታድርም ነበር።

አልመጣም። የሽማግሌ ወንበር ላይ የተቀመጡት እርስዎ ከሆኑ ጥፋተኛው የት ሊቀመጥ ነው? «አለመግባባት» አልልም፤ ሁሉም በደንብ ተግባብቷል። ኛማልንም ፋይሉን ተዪው አልላትም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ከባድም አይደለም። ለማናህሎሽና ለአራቱ ተከራዮች፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ሀሌ አላየችውም፤ ሳልጠይቃት የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብለው ይላኩላቸው። ስሜ ወደ ቦታው የሚመለሰው በወጣበት በር ነው።

እጠብቃለሁ።

ሀሌሉያ


ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀሌሉያ፣

ያንን ድምፅ ከአንቺ ሌላ ማን ሰምቶታል?

የነገረኝ ከፈለ ነው። «ሀሌ ቦታውን አይታዋለች፣ ጥሩ ነው ብላለች» አለኝ። ልጄን አመንኩ። አባት ልጁን ማመኑ ወንጀል ነው? አይታዋለች ማለትስ ውሸት ነው? አላየሽውም? ቆመሽበት የለም?

በዚህ ከተማ ከመሪው እስከ ጫማ ጠራጊው ያላስተማርኩት የለም። እኔ ባለፍኩበት ሰው ከወንበሩ ይነሳል። በስተርጅና በስልክ ውስጥ መሳቂያ ልሆን ነው? አሳድጌሻለሁ። የአባትሽን ቀብር ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ። ደብተርሽን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሌላ አልለምንሽም። ገጹንም ክፈቺ፣ ከፈለንም ክሰሺ። ድምፄን ግን አታሰሚ።

ዳምጠው


ጁባ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ወረቀትዎ ላይ ማናህሎሽን ፈለግኳት፤ የለችም። ሱቋ ምን ሆነ አላሉም። ስለዚህ እኔ ልንገርዎ።

ትናንት እሑድ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ከፈትኩት። አዲስ ገጽ ነው። የኛማልን ስልክ ማናህሎሽ ምግብ ቤት ውስጥ የጨው ዕቃ ላይ አስደግፈን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ማናህሎሽና ማማ አቾል፤ ኛማል ከጎን ቆማለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየጮህን ነበር የምንናገረው። የሚያየን ሰው ጥቂት ነው፣ እንደ መጀመሪያው ሳምንት። ያ የጥርሴ አድናቂ ግን ከየት እንዳገኘን እንጃ፣ መጥቷል። «ጥርስሽ አሁንም ያምራል፤ የኪራዩም ነገር ገብቶኛል» ብሎ ጻፈ። ማናህሎሽ በሳቅ ሞተች።

ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «ይህን ቦታ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የአምና ገና ዕለት ቆሜበታለሁ። ወረቀቱን ግን አላየሁም፤ ጠይቄ አልተሰጠኝም። አይታዋለች ተብላችሁ የፈረማችሁ ሁሉ፣ እንዲያ ያላችሁ ሰው እኔን አልጠየቀኝም።» የማንንም ስም አልጠራሁም።

ያኔ የእርስዎ ስም ብቅ አለ። መግባትዎን አየን። ማናህሎሽ ከእኔ ቀድማ አየችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ክፍል ውስጥ እንደገቡባት ቀና ብላ፣ «እንዴ! መምህር ገብተዋል። እንደምን ዋሉ መምህር? እንግዲህ እርስዎም አንድ ነገር ይበሉን» አለች። አልቀለደችም ጋሼ። እውነቷን ነበር። ማማ አቾል ምን ተፈጠረ ብላ ኛማልን ጠየቀቻት፤ ኛማል በዓረብኛ አስረዳቻት። ሁላችንም ስልኩን ማየት ያዝን። እኔም ጠበቅሁ። አንድ ቃል ቢጽፉ የቀረውን እኔ እሞላው ነበር።

ወጡ።

ማናህሎሽ «ኔትወርኩ ይሆናል» አለች። አሁንም እንኳን ለእርስዎ ሰበብ የምትፈልግልዎት እሷ ናት።

ሱቆቹ አይፈርሱም። ማማ አቾል «የሠራ ሰው አላስወጣም፣ ያታለለኝን ነው የምፈልገው» ብላ ከአምስቱ ተከራዮች ጋር በቀጥታ ተዋዋለች። እያንዳንዱ አንቀጽ በአማርኛም በዓረብኛም ተነበበ፤ ማማ አቾል ማንበብ ስለማትችል በየመሀሉ ታስቆምና «ይህን ድገሙልኝ» ትል ነበር። ከፈለና የባሏ ወንድም ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ነው። ከፈለን ባየው ሰላም እለዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ካለው ከማማ አቾል ጠበቃ ከኛማል ጋር ይነጋገር።

ድምፅዎን አላሰማሁም። ለምነውኝ አይደለም። እርስዎ በእኔ ዓይን ተናግረዋል፤ እኔ ግን በእርስዎ አፍ አልናገርም። ሳይጠይቁ የሰውን ቃል መውሰድ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ድምፁ ያለው ማናህሎሽ ስልክ ውስጥ ነው፤ የእሷ ነው። ፍርድ ቤት ከጠየቃት ትሰጣለች። ካልጠየቃት ደግሞ እርስዎ እስኪደውሉላት እየጠበቀች ነው። ቁጥሯን ያውቁታል።

«አላየሽውም?» ብለውኛል። አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ይህን ሲጽፉ እጅዎ እንዴት እሺ አለዎ? ማናህሎሽ የጠየቀችዎ ሀሌ ሣሩን አይታዋለች ወይ ብላ አልነበረም።

ማሳደግዎን አልክድም። ደብተር ገዝተው ያስተማሩኝ እንዳነብ ነው፤ ያላነበብኩት እንዳነበብኩ እንዲቆጠርልኝ አልነበረም። ያነበብኩበትን ዓይን ከእርስዎ አግኝቼው ከሆነ፣ ወረቀቱን እንድመረምርለት የፈለገ ሰው ወደዚሁ ዓይን ይምጣ እንጂ በእርስዎ ምስክርነት አይመን።

ሶሊ ከእንግዲህ ፖስታ አትይዝልንም፤ ነግሬያታለሁ። የሚቀደድ ነገር አልቀበልም። ስልኬ ክፍት ነው፤ የሚሉኝ ካለ በሚቀረው ድምፅዎ ይበሉኝ። እማዬን መሀል ላይ አስቀምጦ የሚላክ ሰላምታ አልቀበልም። ጥፋቱ ሳይጠራ የሚጠራ እርቅ አልቀበልም። «ዝጊው» የሚለኝን፣ ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ፣ ከእንግዲህ አልሰማውም። ደግሞም እኔ በሌለሁበት፣ ሳልጠየቅ፣ ስሜን ይዞ «አይታዋለች» የሚልን ሰው አልቀበልም፤ ያሳደገኝ ቢሆንም፣ እርስዎ ቢሆኑም።

ያላየሁትን አላየሁም። ያየሁትን ራሴ እናገራለሁ።

ሀሌሉያ